«40 በመቶ» ያለው ማን ነው? የአንድ የተማሪዎች ጥናት የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት መጀመሪያ፣ ደሴ

ዘንድሮ ከአራት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር አንድ የጥናት ጽሑፍ ይዘናል። ርዕሱን የመረጡት ራሳቸው ናቸው፦ የወሎ ደን እንዴት ተመናመነ? እኔ ጂኦግራፊ ስለማስተምር አማካሪ ተባልኩ። ይህን ማስታወሻ የምይዘው ለከርሞው ቡድን እንዲጠቅም ነው።

ለየብቻቸው አንድ አንድ ገጽ መግቢያ ጽፈው እንዲመጡ ነግሬያቸው ነበር። አመጡ። አራቱም ወረቀት የሚጀምረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ማለት ይቻላል። «ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር፤ አሁን ግን ከ3 በመቶ በታች ወርዷል።»

«ከየት አገኛችሁት?» አልኳቸው።

«ቲቸር፣ ይሄማ የታወቀ ነው» አለችኝ ከኮምቦልቻ የምትመላለሰው ልጅ።

መታወቁንስ ይታወቃል። በሬዲዮ አለ፤ በችግኝ ተከላ ንግግር ላይ አለ፤ በየመመረቂያ ጽሑፉ መግቢያ ላይ አለ። ግን ማን ለካው? በመቶኛ ለመናገር አንድ ሰው አንድ ጊዜ መለካት አለበት። አባባሉ ደግሞ ለዓመታት ሲደጋገም የኖረ ስለሆነ፣ የተባለው ዘመን ወደ አድዋ ማግስት ይጠጋል። አውሮፕላን የለም። የአየር ፎቶ የለም። የአገሪቱ ድንበር ራሱ ገና በውል እየተሠመረ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የጋምቤላንም፣ የባሌንም፣ የወሎንም ደን ደምሮ ለአገሩ ስፋት ያካፈለ ማን ነው?

ስለዚህ ሌላው ሁሉ ይቆይና መጀመሪያ ይቺን ዓረፍተ ነገር እንከተላት ተባባልን። ረጅሙ ልጅ ብቻ ቅር አለው። «አንድ ዓረፍተ ነገር ለመፈለግ ሴሚስተር ሊያልቅ ነው» ብሎ አጉረመረመ። አብሽር አልኩት።

ጥቅምት አጋማሽ

መጀመሪያ ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። እያንዳንዱ ልጅ ቁጥሩን ያገኘበትን ያምጣ። አንዱ ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ ፒዲኤፍ ነው፤ ጸሐፊም ዓመተ ምሕረትም የለውም። አንዱ የታላቅ ወንድም መመረቂያ ጽሑፍ ነው። አንዱ የአንድ ድርጅት ሪፖርት ነው። አንዱ ደግሞ «ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ነገረኝ» ነው፤ እሱን ለብቻው አቆይቼዋለሁ።

ከዚያ የመመረቂያ ጽሑፉ ማንን እንደጠቀሰ አየን። ሌላ ሪፖርት ነው የጠቀሰው። ያን ሪፖርት ፈልገን ከፈትነው። እሱም ሌላ ጠቅሷል። ያኛው ደግሞ «እንደሚገመተው» ብሎ ያልፋል። ማን ገመተ? ዝም። ሰሌዳው ላይ ቀስት እየሳልን ሄድን፤ እያንዳንዱ ቀስት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ አንዱም ግን ሜትር ይዞ መሬት ላይ የቆመ ሰው ጋ አያደርስም። ቁጥሩ እንደ እድር ጥሪ ከቤት ቤት ዞሯል፤ ጥሪውን የለቀቀው ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም።

ዝምተኛዋ ልጅ እዚህ ላይ ጥሩ ጥያቄ አመጣች። «ቲቸር፣ እነዚህ ሁሉ አምስት ምንጭ ናቸው ወይስ አንድ?» ጥያቄዋን ሰሌዳው ጥግ ጽፌ አላጠፋሁትም። አምስቱም የጠቀሱት አንድ ቦታ ከሆነ፣ ምስክሩ አንድ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በካርድ መሥራት ጀመርን። ካርዱ ለሁለት የተቆረጠ የደብተር ወረቀት ነው። አንድ ካርድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይጻፋል፤ ከሥሩ የተገኘበት ጽሑፍና ገጹ። ከላይ በቀኝ ጥግ ከአራት ቃላት አንዱ ይቀመጣል፦ ያየ፣ የለካ፣ የሰማ፣ የገለበጠ። መጻሕፍት ላይ ቀዳማይ ምንጭ፣ ካልዓይ ምንጭ የሚባለው ክፍፍል አለ፤ ለፈተና ይጠቅማል። ለሥራ ግን ልጆቹ እነዚህን አራቱን ቶሎ ለመዱ። የሰበሰብነውን ካርድ ስንደረድር «የገለበጠ» የሚለው ክምር ብቻውን ከሌሎቹ ሁሉ በለጠ።

ጥቅምት መጨረሻ

አሁን ወደ ኤአዩ። ረጅሙ ልጅ «የ40 በመቶውን የመጀመሪያ ጥናት ስጠኝ» ብሎ ጠየቀው። ሰጠው። የደራሲ ስም፣ ዓመት፣ ርዕስ፣ የመጽሔት ስም፣ ገጽ ሳይቀር። ያምራል። ርዕሱን በትእምርተ ጥቅስ አድርገን ጉግል ስኮላር በሚባለው የጥናት ጽሑፍ መፈለጊያ ላይ ፈለግነው፤ የለም። መጽሔቱ በእርግጥ አለ፤ በዚያ ዓመት በዚያ ቅጽ በዚያ ገጽ ላይ ያለው ግን ስለ ሌላ ነገር የሚናገር ጽሑፍ ነው። የተሰጠውን ዲኦአይ፣ ማለትም የጽሑፉን የኢንተርኔት መለያ ቁጥር፣ ስናስገባ አይከፈትም።

ልጁ ተናደደ። እኔ ግን ኤአይ አትንኩ አላልኩም። መፈለጊያ ቃል ለማውጣት፣ ከባድ የእንግሊዝኛ አንቀጽ ለማፍታታት ይጠቅማቸዋል። ምስክር ሆኖ ካርድ ላይ መግባት ግን አይችልም፤ ከአራቱ ቃላት አንዱም አይገባውም። አላየም፣ አልለካም፣ ከማን እንደሰማም አይናገርም። የጠቆመው ነገር መኖሩ በሌላ መንገድ ከተረጋገጠ፣ ካርዱ የሚጻፈው በተገኘው ጽሑፍ ስም ነው።

ኅዳር

ትክክለኛውን መፈለጊያ ቃል ስናገኝ በሩ ተከፈተ። ለካ ይህን ዓረፍተ ነገር ከኛ በፊት ያሳደዱ ሰዎች ነበሩ! በአውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ጂኦጆርናል በተባለ መጽሔት ላይ የወጣ የሃልቮር ዎይን ጽሑፍ በኢትዮጵያ የደን መጥፋት ላይ ጸሐፊዎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚጠቃቀሱ ነው የሚመረምረው። በ1997 ደግሞ ታሪክ ጸሐፊው ጄምስ ማካን የደን መመናመን ትረካውን ራሱን ፈተሸ፤ የ40 በመቶው አባባል የሚታመን መለኪያ እንደሌለው አሳየ። ልጆቹ ሰሌዳ ላይ ሲስሉት የከረሙት ቀስት በመጽሔት ታትሞ ሲያገኙት ፊታቸውን ማየት ነበር።

እዚህ ለመድረስ የረዱንን ነገሮች ልጻፋቸው፤ የሚቸግረው እዚህ ላይ ነውና።

አንደኛው አጻጻፍ ነው። ወሎ በላቲን ፊደል በ«ኦ» ይጻፋል፣ በ«ኢ» ይጻፋል፣ ሁለት ነጥብ ባለው «ኤ»ም ይጻፋል። ሐይቅ የሚለው የቦታ ስም በ«ኬ»ም በ«ኪው»ም ነው፤ መካከሉ «ዋይ» ወይም «አይ» ይሆናል። አንዱን ብቻ የጻፈ ልጅ ግማሹን ጽሑፍ አያገኝም። በአማርኛም ያው ነው፤ ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ኃይቅ ብሎ ሦስቱንም መሞከር ያስፈልጋል። አንድ ገጽ ላይ ሁሉንም ዓይነት ዘርዝረን ግድግዳው ላይ ለጠፍን።

ሁለተኛው ስም ነው። የኢትዮጵያውያን ጸሐፊዎች ስም በውጭ መጽሔት አንዳንዴ በአባት ስም ተገልብጦ ይገባል። ስለዚህ አንድ ሰው ሁለት ሰው መስሎ ሊታይ ይችላል። በኛ ጽሑፍ ላይ ኢትዮጵያዊውን በራሱ ስም፣ ፈረንጁን በቤተሰብ ስሙ እንዘረዝራለን ብለን ወሰንን።

ሦስተኛው ክፍያ ነው። ልጆቹ «ግዛ» የሚል ሲያዩ ገጹን ይዘጋሉ። መዝጋት አያስፈልግም። ጄስቶር የሚባለው የመጽሔቶች ማከማቻ በግል አካውንት ለተመዘገበ ሰው በየወሩ የተወሰነ ጽሑፍ በነፃ ያስነብባል። አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ ብዙ የአፍሪካ መጽሔቶች ይገኛሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ ኢንተርኔት ላይ ክፍት ነው። ይሄ ሁሉ ካልሆነ ለጸሐፊው ኢሜይል መጻፍ ነው። ኮምቦልቻዋ ልጅ ጻፈች፤ ፒዲኤፉ ከነሰላምታው መጣላት። ቢያንስ አጭር መግለጫው ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ካርድ ይሠራበታል፤ ካርዱ ላይ ግን «መግለጫውን ብቻ አንብበናል» ተብሎ ይጻፋል።

ኅዳር መጨረሻ

የዓመቱ ትልቁ ግኝታችን ይሄ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክራሚ በአውሮፓ 1998 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መጽሔት ላይ ስለ ወሎ ደን ጽፏል። ጣሊያኖች በ1937 ወሎ ውስጥ ያነሷቸውን ፎቶዎች ይዞ፣ ፎቶዎቹ የተነሱባቸውን ቦታዎች እየፈለገ፣ እዚያው ቆሞ በ1997 እንደገና አነሳ። ስልሳ ዓመት የሚራራቁ ሁለት ፎቶዎችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። በብዙዎቹ ላይ በኋለኛው ፎቶ የሚታየው ዛፍ ይበልጣል። አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ ገበሬው በደጁ የተከለው።

ክፍሉ ተናወጠ። «እና ደን አልተመናመነም ልንል ነው?» አለ የሐይቅ ከተማው ልጅ። አይደለም። ባሕር ዛፍ ራሱ በምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባ ነው። ደጅ ላይ ያለ ባሕር ዛፍና ተራራ ላይ ያለ የጥድና የወይራ ደን አንድ ነገር አይደሉም። ደግሞም ፎቶ የሚያሳየው ካሜራው የዞረበትን ብቻ ነው፤ ከመንገድ ዳር የሚነሳ ፎቶ ሩቁን ገደል አያሳይም።

ወዲያው ሌላ ጥናት ከጎኑ አስቀመጥን። ክብሮም ተክሌና ላርስ ሄድሉንድ ቃሉን፣ ማለትም የኮምቦልቻን አካባቢ፣ በ1958 እና በ1986 በተነሱ የአየር ፎቶዎች አነጻጽረዋል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። እነሱ ደግሞ ቁጥቋጦው ቀንሶ ገላጣው መሬት መስፋቱን ነው ያገኙት። አንዱ ጥናት ጨመረ ይላል፣ አንዱ ቀነሰ ይላል። ሁለቱም የለኩ ናቸው።

ልጆቹ አንዱን መርጠው አንዱን ሊጥሉ ተነሱ። አይሆንም አልኩ። ዓመቶቹ ይለያያሉ፣ ቦታው ይለያያል፣ የተቆጠረው ነገርም ይለያያል። በሁለቱ መካከል የተፈጠረው ጥያቄ የጽሑፋቸው እምብርት ሊሆን ይችላል። ዝምተኛዋ ልጅ ሁለቱን ካርዶች በመርፌ ቁልፍ አያያዘቻቸው።

ታኅሣሥ፣ ሐይቅ ከተማ

ቅዳሜ ወደ ሐይቅ ወረድን። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቡድናችን ልጅ አያት እዚያ አሉ፤ ዘጠናን የተጠጉ ሽማግሌ ናቸው።

ከመሄዳችን በፊት ስለ ጥያቄ አጠያየቅ ተነጋግረን ነበር። «ድሮ እዚህ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበር አይደል?» ብሎ የጠየቀ ልጅ «አዎ ልጄ» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። ሽማግሌ እንግዳ አያሳፍርም። ስለዚህ ስለ ደን አትጠይቁ፤ ስለ ቤት፣ ስለ ማገዶ፣ ስለ ከብት ጠይቁ አልኳቸው።

ቡናው ተፈላ። አቦል እየተጠጣ ልጁ ጀመረ። «አባባ፣ ይሄ የቤቱ ምሰሶ ከየት የመጣ ነው?»

«ይሄ? ጥድ ነው። አባቴ ከአምባሰል በኩል በአጋሰስ አስጭኖ ያመጣው ነው። የጓዳው ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱን የተከልኩት እኔ ነኝ።»

«ቤቱ መቼ ተሠራ?»

«ጣሊያን በወጣ በማግስቱ።»

የቤቱ እመቤትም ከጓዳ ሆነው ጨመሩበት፦ «እኛማ ልጅ ሆነን እንጨት የት አግኝተን! በኩበት ነው ያደግነው።»

እነዚህ አረፍተ ነገሮች ከብዙ ሪፖርት ይበልጡብኛል። ጣሊያን የወጣው በ1933 ነው። ያኔ ለምሰሶ የሚሆን ጥድ ከሩቅ ተጭኖ የሚመጣ ከሆነ፣ በቅርብ እንደልብ አልነበረም ማለት ነው። ማገዶው ኩበት ከነበረም እንዲሁ። ሽማግሌው ስለ መቶኛ አንድም ነገር አልተናገሩም፤ ያዩትን ነው የነገሩን። ካርዱ ላይ «ያየ» ተብሎ ተጻፈ። ስማቸው ግን አልተጻፈም፤ «የሐይቅ ነዋሪ፣ ሽማግሌ» ይበቃል ብለው ራሳቸው ጠየቁን። ድምፅ ከመቅዳታችን በፊትም ፈቃድ ጠይቀናል።

ከሰዓት በኋላ እስጢፋኖስ ገዳም ጋ ደረስን። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ቦታ ነው። ሴቶች አይገቡም፤ ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች ልጆች ሐይቁ ዳር ቀሩና ተነጫነጩ። እንደማባበል አድርጌ አንድ ነገር ነገርኳቸው፦ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ስም የሚታወቀው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 1280 ገደማ የተጻፈው ወንጌል ፎቶ ተነስቷል። ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም ያነሳው ፕሮጀክት ፎቶዎች አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ባለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ብዙው በነፃ ምዝገባ ኢንተርኔት ላይ ይታያል። ማታ ኮምቦልቻዋ ልጅ ተመዘገበች። ለደን ጽሑፋችን በቀጥታ አይጠቅምም፤ ቢሆንም አላስቆምኳትም።

ጥር

ረቂቁ ተጻፈ። ልጁ ለአያቱ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። «በ1937 ጣሊያኖች ወሎ ውስጥ ፎቶ አነሱ» የሚለው ጋ ሲደርስ ሽማግሌው አቋረጡት።

«በ37? በ37 ጣሊያን የት ኖሮ ነው ፎቶ የሚያነሳው! ያኔ እኔ እረኛ ነበርኩ፤ ጃንሆይ ገብተዋል።»

ልክ ናቸው። ፈረንጁ 1937 ያለው በኛ 1929 እና 1930 ነው። ልጁ ከእንግሊዝኛው ጽሑፍ እንዳለ አንስቶ አማርኛ ላይ አስቀምጦታል። ይሄ ነገር ትንሽ አይደለም። «የ1977 ረሃብ» የሚል አማርኛ ጽሑፍና በእንግሊዝኛ 1977 የሚል ጽሑፍ ሰባት ስምንት ዓመት ይራራቃሉ። ወሎ ላይ ስትጽፍ ደግሞ 66ን፣ 77ን ሳትነካ አታልፍም። 66ቱ በአውሮፓ 1973 እና 74 ነው፤ 77ቱ 1984 እና 85 ነው።

«በ1970ዎቹ መጨረሻ» የሚለው አነጋገርም አደገኛ ነው። ሐይቁ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ቲላፒያ ዓሣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ገባ ይላሉ፤ ይሄ በኛ 1970 ገደማ ነው። ሳይለወጥ ቢገለበጥ የ77ቱ ረሃብ ጊዜ አካባቢ ይመስላል። ስለዚህ ሕግ አወጣን፤ ካርድ ላይ ሁልጊዜ ሁለቱም አቆጣጠር ይጻፋል፣ የተነበበው ከሥሩ ይሰመርበታል፣ ወሩ ካልታወቀ ሁለት ዓመት ይቀመጣል። ጽሑፉ ላይ ግን አንድ አቆጣጠር ብቻ፣ የኛው።

ጥር መጨረሻ

ዛሬ ጭቃ አነበብን። ኢየን ዳርቢሻየር፣ ሄንሪ ላምብና መሐመድ ኡመር በአውሮፓ 2003 ያሳተሙት ጥናት ነው። ከሐይቅና ከአርዲቦ ሐይቆች ሥር ጭቃ በቱቦ አወጡ። በጭቃው ንብርብር ውስጥ የአበባ ብናኝ ተቀብሯል፤ ጥልቅ ያለው የቆየ ነው። ብናኙ የየትኛው ተክል እንደሆነ በማይክሮስኮፕ ይለያል፣ ዕድሜው በካርቦን ይለካል። በዚህ መንገድ 3,000 ዓመት ወደ ኋላ ሄዱ።

ያገኙት ነገር አራቱንም ልጆች ዝም አሰኛቸው። መጀመሪያ ዝግባና ጥድ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ገደማ ያ ደን ጠፋ፤ ክትክታና ሣር ተተካ። እንዲያ ሆኖ ወደ 1,800 ዓመት ገደማ ቆየ። ከዚያ በአውሮፓ ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ጥዱ ከነወይራው ተመልሶ በቀለ። ከዚያ እንደገና ተመነጠረ።

ስለዚህ እዚህ ደን የጠፋው «በመቶ ዓመት ውስጥ» አይደለም። ጠፍቷል፣ ተመልሷል፣ ደግሞ ጠፍቷል። ኮምቦልቻዋ ልጅ «ታዲያ በ1500ዎቹ ለምን ተመለሰ?» አለች። ጦርነት፣ በሽታ፣ የሰው ፍልሰት፣ የዝናብ ለውጥ እያሉ ገመቱ። ግምታቸውን ካርድ ላይ አላስጻፍኩም። ጭቃው ምን እንደበቀለ ይናገራል፤ ለምን የሚለውን ለሌላ ምስክር ነው የሚተወው። ደግሞም የሁለት ሐይቆች አካባቢ ነው፤ ከዚህ ተነስቶ ስለ ከፋ ደን መናገር አይቻልም።

የካቲት

ቀሪው የዓረፍተ ነገሩ ጭራ ነው፤ «ከ3 በመቶ በታች»። ይህን ስንፈልግ በ2015 (በአውሮፓ) ኢትዮጵያ ራሷ ያወጣችው ቁጥር 15.5 በመቶ ሆኖ አገኘነው። ረጅሙ ልጅ «በአምስት እጥፍ ተተከለ?» አለ፣ ግማሽ በቀልድ። አልተተከለም። መለኪያው ነው የተለወጠው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ደን የሚለው ቢያንስ ግማሽ ሄክታር የሆነ፣ ዛፉ 5 ሜትር የሚደርስ፣ ጥላው 10 በመቶ የሚሸፍን ነው። ኢትዮጵያ በ2015 የያዘችው ደግሞ ግማሽ ሄክታር፣ 2 ሜትር ቁመት፣ 20 በመቶ ጥላ ነው። ቁመቱ ዝቅ ሲል ቀርከሃውም አጭሩ የቆላ ዛፍም ገባ። በሁለት የተለያየ ገመድ የተለኩ ቁጥሮችን አንድ መስመር ላይ ደርድሮ «ጨመረ፣ ቀነሰ» ማለት አይቻልም።

ይህን ለማስረዳት ቅርብ ምሳሌ ነበረኝ። በኛ አቆጣጠር በ1999 የሕዝብ ቆጠራ የደሴ ሕዝብ ስንት ነው? አንዱ ልጅ 120,095 አለ፣ ሌላዋ 151,174 አለች፤ ሊጣሉ ደረሱ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ትልቁ ዙሪያውን ያሉትን የገጠር ቀበሌዎች ጨምሮ ነው፤ ትንሹ የከተማው ነዋሪ ብቻ። ሰንጠረዥ ከማንበብ በፊት ርዕሱንና የግርጌ ማስታወሻውን አንብቡ የምለው ለዚህ ነው።

የሳተላይት ነገርም በዚሁ ሳምንት ተሞከረ። ጉግል ኧርዝ ላይ ከ1984 (በአውሮፓ) ጀምሮ ዓመት በዓመት ማየት ይቻላል። ረጅሙ ልጅ ሙሉ ከሰዓት ከደሴ በላይ ያለው የጦሳ ተራራ ምስል ላይ ተደፍቶ ዋለ። ያስደስታል፤ ግን የድሮው የላንድሳት ሳተላይት ምስል አንዷ ነጥብ በመሬት ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር ናት። እንደ ሐይቁ ሽማግሌ ባለ ሰው ጓዳ ጀርባ የተተከለ ባሕር ዛፍ እዚያ ውስጥ አይታይም። የክራሚ ፎቶ ግን ያንን ያያል። ልጁ ራሱ ነው ይህን ያስተዋለው፣ ካርዱንም እሱ ጻፈው።

መጋቢት

መግቢያው ተለወጠ። አሁን እንዲህ ነው የሚጀምረው፦ «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ ደን ነበር ይባላል። ይህን የለካ ሰው አላገኘንም። በሐይቅና በአርዲቦ አካባቢ ግን ደኑ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊትም አንድ ጊዜ ጠፍቶ እንደነበር ከሐይቆቹ ጭቃ ታውቋል።» የጻፈችው ዝምተኛዋ ናት። እኔ አንድ ቃል ብቻ ነው ያስወጣሁት፤ «በማያሻማ ሁኔታ» የሚለውን።

አንድ ባልደረባዬ ረቂቁን አይቶ «ልጆቹ ደን አልጠፋም እያሉ ነው፤ ችግኝ መትከልን ያዳክማል» አለኝ። አላሉም። የቃሉ ቁጥቋጦ መሳሳት፣ የየጎፍ ተራራ ዓይነቱ የተፈጥሮ ደን ጥቂት መሆን፣ የአፈር መሸርሸር፣ ሁሉም ውስጡ አለ። ለችግኝ ተከላ ይጠቅማል ብሎ ያልተለካ ቁጥር መድገም ግን አልስማማበትም። የ40 በመቶውን ተረት የሰማ ሰው ወሎን እንደ ሞተ አገር ነው የሚያየው፤ በደጁ ባሕር ዛፍና ጌሾ የተከለውን ገበሬ ግን አያየውም። ተከራከርን፤ አልተግባባንም።

ልጆቹ ከክራሚ የቀሰሙትን በራሳቸው ሞከሩት። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ጦሳን አነሱ፤ የቆሙበትን ነጥብ በስልክ ጂፒኤስ መዘገቡ፣ አቅጣጫውን፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። አባሪ ላይ ገብቷል። በኛ በ1950 ገደማ የተነሳውን የአየር ፎቶ ለማግኘትም የአገሪቱን ካርታና የአየር ፎቶ ለሚይዘው ለጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ ማኅተም ወጥቷል። ለዘንድሮው ጽሑፍ አይደርስም።

መጨረሻ ላይ ኮምቦልቻዋ ልጅ የሚጠበቀውን ጥያቄ አነሳች። «ቲቸር፣ ፈተና ላይ 40 በመቶ የሚል ምርጫ ቢመጣስ?»

«አክብቢው» አልኳት። «ውጤትሽ ከተለጠፈ በኋላ ለጥያቄ አውጪው ጽሑፋችንን እንልክለታለን።»

ኅትመቱ ሰኞ ነው። ለሽማግሌው አንድ ኮፒ በትልቅ ፊደል ይታተማል። ለከርሞው ቡድን የቲላፒያውን ጥያቄ አስቀምጫለሁ፦ በኛ በ1930 ገደማ ጣሊያኖች ሲለኩት የሐይቁ ውኃ ወደ 9 ሜትር ጥልቀት ድረስ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር፤ በኋላ የተለካው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ዓሣው ነው፣ የተመነጠረው ዳገት ነው ወይስ ሌላ? የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርዶች ተጽፈዋል፤ ሁለቱ «የለካ» ናቸው፣ አንዱ «የገለበጠ»።